ያልተገለበጠ መኪና ፍለጋ

ያገለገለ መኪና ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ እባካችሁ ወደ እኔ አትምጡ። "እሱ በዚህ ነገር ፍዳውን ያየ ሰው ነው፣ ይመክረናል" እንደምትሉ አውቃለሁ። ፍዳዬን ማየቴ እውነት ነው። ግን ፍዳውን ያየ ሁሉ መምከር ይችላል ያላችሁ ማነው? እኔ የቀረኝ ድካሙ ብቻ ነው። ይህንንም የማወራችሁ እንድትማሩበት ብዬ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ስለተዘጋና በረንዳዬ ላይ የሚያዋራኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ነገሩ የሆነው በዚያ በቀበሌና በኩፖን ዘመን፣ አሰበ ተፈሪ ጂኦግራፊ ሳስተምር ነው። አገሬው ጭሮ ይላታል። ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ "ለጥቂት ጊዜ ነው፣ ቶሎ ትዛወራለህ" ብለውኝ ነበር። እኔም ጥቂቱን ጊዜ ስጠብቅ የሂርና ልጅ አገባሁና በዚያው ቀረሁ። ባለቤቴ አስካለ ትባላለች።

አስካለ እንደተጋባን ሰሞን እናቷን ጠይቃ ስትመለስ፣ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከሂርና ወደ እኛ በሚያመጣው ጠመዝማዛ ኮረኮንች ላይ የመንገዱ ዳር ከዳውና ወደ ገደሉ አዘነበለ። ልብ በሉ፣ አልወደቀም። አዘንብሎ ቆመ። ሰዉ ሁሉ በመስኮት ወጣ፤ አስካለም አንዲት የማታውቃት ሴት ትከሻ ላይ ቆማ ወጣች። ጭረት እንኳ አልነካትም። ቤት ስትገባ ግን ነጠላዋን አጥፋ አስቀመጠችና "ከእንግዲህ ጎማ ያለው ነገር ላይ አልወጣም" አለች። ያልፍላታል ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሐሳቧን አልለወጠችም።

ከዚያ ልጃችን ምሕረት ተወለደች፤ ጉዱ የመጣው ያኔ ነው። የአስካለ እናት እማማ ጌጤ ሂርና መግቢያ ላይ ሻይ ቤት አላቸው። ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው አውቶቡስ ላይ መውጣት አይችሉም። ስለዚህ በመንገደኛ ሁሉ መልእክት ይልካሉ። ጫት ጫኝ ይምጣ፣ የጤና ረዳት ይምጣ፣ መልእክቱ ያው ነው፤ "የልጅ ልጄን ሳላይ ልትቀብሩኝ ነው ወይ በላት።" አስካለ ይህን በሰማች ቁጥር ጓዳ ትገባለች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነው። አንድ ጊዜ "በበቅሎ እሄዳለሁ" አለችና በቅሎ ለመንኩላት። ምሕረት አንዴ ስታለቅስ በቅሎዋ ደንብራ እኔን ጎትታ የቀበሌውን አጥር አፈረሰችው። አጥሩን ጠገንኩ፣ በቅሎዋን መለስኩ፣ አስካለም ጓዳ ገባች።

በቤታችን ደግሞ አንድ ሕግ ወጣ። የመኪና አደጋ ወሬ አይነሳም። በተለይ "ተገለበጠ" የሚባለው ቃል እንኳን ለመኪና ለቂጣም አይባልም። እኔም ጎረቤቱን ሁሉ እየዞርኩ "እባካችሁ፣ ለባለቤቴ ስትሉ፣ ይህን ወሬ እኛ ዘንድ አታንሱብን" ብዬ ለመንኩ። የጭሮ ሰው ይሉኝታ ያውቃል። ከለመንኩት አብልጠው አደረጉልኝ። እኔ ብቻዬን እንኳ ሳልፍ ስለ መኪና የሚያወሩ ከሆነ ወሬያቸውን ወደ ዝናብ ይመልሱት ጀመር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ ምን አውቄ።

አንድ ቀን አስካለ ምሕረትን እያጠበች፣ ቀና ሳትል "አደጋ የሚባል ነገር ነክቶት የማያውቅ መኪና ቢኖር፣ አንተም ራስህ ብትነዳው፣ ቀስ ብለህ፣ እሞክር ነበር" አለችኝ። ይህን ከአፏ ለማውጣት ምን ያህል እንደታገለች ከድምጿ አውቄያለሁ። አንጀቴን በላችው። የዕቁቡ ዕጣ በዚያው ሰሞን ሲወጣልኝ በቃ፣ ከላይ የታዘዘ ነገር ነው አልኩ። ላስደንቃት ብዬም መኪና እንደምፈልግ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ በኋላ እኔው ተማሪ ሆንኩ። የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚሰበሰቡበት ሻይ ቤት እየሄድኩ፣ ጋዜጣ የማነብ መስዬ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። ለካ የተጋጨ መኪና ለሚያውቅበት ሰው አይደበቅም። በበሩና በአካሉ መካከል ያለው ክፍተት ከላይ እስከ ታች እኩል መሆን አለበት፣ በጥፍር እየዳሰሱ መውረድ ነው። የብሎኑ ራስ ቀለሙ ከተላጠ መፍቻ አግኝቶታል ማለት ነው። የመስታወቱን ጎማ ገለጥ ካደረጉት ሁለተኛው ቀለም እዚያ ተደብቆ ይገኛል። ላሜራውን ሲያንኳኩት ድምፁ ከታፈነ በስቱኮ ተለስኗል። ይህን ሁሉ በቃሌ ያዝኩ። አንዱ ሾፌር ደግሞ "ማግኔት ያለው ሰው አይታለልም፤ ማግኔት ስቱኮ ላይ አይያዝም" ሲል ሰማሁና ጋዜጣዬን አጥፌ ተነሳሁ። እኔ እኮ ትምህርት ቤት ነው የምሠራው።

የፊዚክስ መምህሩን ማግኔት ስለምነው "ለጂኦግራፊ ማግኔት ምን ያደርግልሃል?" አለኝ። "ሰሜን ዋልታን ላስተምርበት ነው" አልኩት። ማግኔቱን በደረት ኪሴ ይዤ፣ የግራ እጄን በላዩ አድርጌ እንዳይጠፋ ስጠብቀው ዋልኩ። ሰዓቴ በዚያው ቀን ቆመ። እስከ ዛሬም እንደቆመ ነው።

መኪናዋን ያገኘሁት ሚኤሶ ነው። ባለቤቷ ጋሽ ከድር የሚባሉ የሱቅ ነጋዴ ናቸው፣ ሰላሳ ዓመት ሚኤሶ ቢኖሩም የጉራጌ አነጋገራቸው አልለቀቃቸውም። ከሱቃቸው ጓሮ ወስደውኝ የተሸፈነችበትን ሸራ ሲገፉላት፣ አራት በር ያላት ጣሊያን ሠራሽ፣ የእንቁላል አስኳል የመሰለች ቢጫ መኪና ብቅ አለች። ገና ሳያት ወደድኳት። ግን ፊቴን ኮስተር አድርጌ ወደ ምርመራው ገባሁ።

የሚኤሶን ፀሐይ ያየ ይፍረደኝ። ላሜራው እንደ ምጣድ ግሏል፤ ባንኳኳሁት ቁጥር ጣቴ ስለሚቃጠል ቶሎ ቶሎ ብዬ ነበር የማንኳኳው። በቶሎ ሲያንኳኩት ደግሞ ሁሉም ድምፅ አንድ ነው። የበሩን ክፍተት በጥፍሬ ስወርድ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ መሐል ላይ ጠፋብኝ። በመጨረሻ ማግኔቴን አወጣሁ። ጣራው ላይ ያዘ። በሩም ላይ ያዘ። የኋላው ጎን ላይማ አያያዙ ለጉድ ነው፤ ለማላቀቅ እግሬን ጎማው ላይ ማሳረፍ ነበረብኝ። የድሮ ሰው ብረት ሲሠራ እንዲህ ነው ብዬ አደነቅሁ።

"ጋሽ ከድር፣ እውነቱን ይንገሩኝ" አልኳቸው። "ሰው ገጭታ ታውቃለች?"

"ወላሂ ሰው ገጭታ አታውቅም!"

"ከሌላ መኪና ጋርስ ተጋጭታለች?"

"ወላሂ ከመኪና ጋር አልተጋጨችም!"

"ግመል?"

"ግመል ሲያልፍ ቆማ ነው የምታሳልፈው።"

የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ ዋናው ጥያቄ። ምላሴ ላይ ደረሰና እዚያው ቀረ። ያን ቃል ከአፌ ካወጣሁ ዓመት አልፎኛል። የባለቤቴ ዓይን ሚኤሶ ድረስ ተከትሎ የመጣብኝ መሰለኝ።

"እንዲያው … ሌላ ነገርስ?" አልኩ።

"ሌላ ነገር ማለት?"

"ያው … ሌላ ነገር። ያውቁታል እኮ።"

ጋሽ ከድር ትክ ብለው አዩኝ። "መምህር፣ ከሂርና ነው ያገባኸው አይደል?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያስ ያንን አንተ ከኔ የበለጠ ታውቀዋለህ" አሉና ቁልፉን በእጄ አስቀመጡልኝ። ስለ አማቾቼ ደግነት የሚናገሩ መስሎኝ አመሰገንኳቸው።

ወደ ጭሮ ስወጣ መኪናዋ ቀጥ ብላ እንድትሄድ መሪውን ትንሽ ወደ ግራ መያዝ ነበረብኝ። ከተማሪ ቤት ወዲህ ስላልነዳሁ ነው ብዬ ጥፋቱን ለራሴ ወሰድኩ። ሰፈር ስደርስ ሕዝቡ ወጣ። ጫት ነጋዴው ጎረቤታችን ኦቦ ሙሜ ከሁሉ ቀድመው መጡ። መኪናዋን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና መኪናዋን አዩ። ከዚያ መዳፋቸውን ጣራዋ ላይ አድርገው "አልሐምዱሊላህ!" አሉ።

"ይወዷታል ኦቦ ሙሜ?"

"ማን እሷን የማይወድ አለ! መብሩክ መምህር፣ ባጋ ገመዴ፣ እንኳን ደስ አለህ። ጠንካራ ናት፣ እሷስ ጠንካራ ናት። አንተም ግን ደፋር ነህ።"

መኪና መግዛት በዚያ ዘመን ድፍረት ስለነበር ደረቴን ነፋ አደረግሁ። አስካለ ምሕረትን አቅፋ በር ላይ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ደስታና ስጋት ተደባልቀዋል። ቀስ ብላ መጣችና በጆሮዬ "ምንም ነክቷት አያውቅም?" አለችኝ። "በማርያም!" አልኳት። "በማግኔት ነው ያየኋት።"

እሑድ ማለዳ ወደ ሂርና ተነሳን። አስካለ ከኋላ ተቀምጣ ምሕረትን በአንድ እጇ፣ የእኔን ኮሌታ በሌላ እጇ ይዛለች። እኔ መሪውን ወደ ግራ ይዣለሁ። መንገዳችን ላይ ያለችው አርበረከቴ ስንደርስ ድንች የሚሸጡት ሰዎች ከበቡን። አንድ ሽማግሌ ጣራውን ዳሰሱና "ያ ረቢ!" አሉ። ሴቶቹ በመስኮት አጎንብሰው ሕፃኗን ሲያዩ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ ስናልፍ አንድ የጭነት መኪና ከፊታችን መጣ። ሾፌሩ ገና ከሩቅ ሲያየን ዳር ይዞ ቆመ፣ ወርዶም በእጁ እየመራ አሳለፈን፤ ኮፍያውን ሁሉ አወለቀ።

"ሰዉ ለሕፃን ያለው አክብሮት!" አለች አስካለ። ኮሌታዬንም ላላ አደረገችልኝ።

ትንሽ እንደሄድን የምሕረትን ጨርቅ ለመቀየር ቆምን። እኔ እግሬን ላፍታታ ወደ ኋላ ተራመድኩ። መንገዱ አቧራ ነው፤ የመጣንበት ዱካ ጥርት ብሎ ይታያል። መኪና ቀጥ ብሎ ከሄደ የኋላ ጎማ የፊቱን ዱካ ይረግጣል፣ ስለዚህ የሚታየው ሁለት መስመር ነው። የእኔ ዱካ አራት ነበር። ጎንበስ ብዬ እንደገና አየሁ። አራት ነው። መኪናዬ አፍንጫዋን ወደ ሂርና አድርጋ ወገቧን ወደ ገደሉ ጥላ ነው የምትሄደው። ሻንሲዋ፣ አካሏን ሁሉ የተሸከመው የሥሯ ብረት፣ ጠሟል ማለት ነው፤ ሻንሲ ደግሞ ከግመል ጋር በመነካካት አይጠምም።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተገጣጠመልኝ። መሪው፣ አልሐምዱሊላህው፣ የሾፌሩ ኮፍያ፣ "ደፋር ነህ" የተባልኩት። አሁን ምን ላድርግ? ልንገራት? እናቷ ከፊታችን ናቸው፤ ይህን ብትሰማ ዳግመኛ ጎማ ላይ አትወጣም፣ እማማ ጌጤም ምሕረትን ሳያዩ ይቀራሉ። ልመለስ? የምመለሰውም በዚያችው መኪና ነው። እናም አንድ የመንግሥት መምህር በአገር ጎዳና ላይ ሊሠራው የሚችለውን ሞኝነት ሁሉ ሠራሁ። አስካለ እንዳታየው ዱካውን በጫማዬ ማጥፋት ጀመርኩ።

"ምን እየሆንክ ነው?" አለች ከመኪናው ውስጥ።

"እግሬ ደንዝዞ ነው።"

"እንደዚያ እየጎተቱ ነው የሚያፍታቱት?"

ከዚያ ወዲያ የነዳሁትን አላስታውሰውም። አስካለ እየተረጋጋች ስትሄድ ፍርሃቷ ሁሉ ወደ እኔ ተሻገረ። በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ የማውቃቸውን ታቦቶች በስም ጠራሁ፤ ማርያምን ግን አፍሬ አለፍኳት።

ሂርና መግቢያ ስንደርስ እማማ ጌጤ በከዘራ ተደግፈው ከሻይ ቤታቸው ወጡ። አስካለ በሩን ከፍታ "እማዬ!" እያለች እያለቀሰች ወረደች። እማማ ጌጤ ግን ልጃቸውን አላዩም። ከዘራቸውን ወደ መኪናዋ ቀስረው ነበር።

"ይቺ! ኧረ ይቺ ናት! አንቺ እስካሁን አለሽ እንዴ?" አሏት፤ መኪናዋን ነው። "እዚች ከፍታ ላይ፣ ዓይኔ እያየ አይደለም እንዴ የተገለበጠችው! ተገልብጣ፣ ደግሞ ተገልብጣ፣ እስከ ማሽላው ማሳ ድረስ ተገለባብጣ …"

ዓመት ሙሉ በቤታችን ያልተባለው ቃል አንድ ጊዜ ተዘርግፎ ወጣ። እኔ መሪዬን ይዤ ተቀምጬ ቀረሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር፤ እርግጥ ከነመኪናዋ ከሆነ ሌላ አደጋ ነው።

አስካለ እንባዋን ሳትጠርግ ዞረች። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ከዚያ ወደ እናቷ ተመለሰችና በቀስታ "ውስጧ የነበሩት ሰዎችስ?" አለች።

"ውስጧ የነበሩትማ፣ ሁሉም በእግራቸው ወጥተው እኔ ቤት ሻይ ጠጡ! አንደኛው እንዲያውም ስኳር አነሰው ብሎ ሲቆጣኝ ነበር፤ የቀበሌ ስኳር መሆኑን ማን ይንገረው። አንድ ሰው አልሞተ፣ አንድ ሰው አልተሰበረ። አገሩ ሁሉ ጉድ ብሏል እኮ! እንዳትረበሺ ብዬ ነው እንጂ ያኔውኑ ወሬውን ልልክልሽ ነበር። በይ አምጪያት፣ አምጪልኝ ልጄን!"

ምሕረትን ተቀበሉ። አገላብጠው ሳሟት፣ አንገቷን አሸተቱ፣ ከዚያ አለቀሱ። አስካለም አለቀሰች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም መሪው ላይ ተደፍቼ አልቅሻለሁ፤ ግማሹ ደስታ ነው፣ ግማሹን አትጠይቁኝ።

ስንመለስ እኔ ሐሳቤን ቆርጬ ነበር። "መኪናዋን እዚሁ ትተን በአውቶቡስ እንሂድ" አልኩ።

"በአውቶቡስ?" አለች አስካለ። "አውቶቡሱ ተገልብጦ ያውቃል?"

"ኧረ አያውቅም! አዲስ ነው።"

"አየህ፣ ገና ነው። የእሱ መገልበጥ ከፊቱ ነው ያለው። ይቺ ጨርሳለች።" ብላ ገብታ ተቀመጠች። ቆይታም "በማርያም ለማልከው ግን ንስሐ ትገባለህ" አለችኝ።

መታጠፊያዎቹ ጋ ስንደርስ ኮሌታዬን የሚይዘኝ ጠፋ። በመስታወቱ ሳያት ያ ዓመት ሙሉ ያስለቀሳት መንገድ ላይ ልጇን ታቅፋ አንቀላፍታለች። በጣም ደስ አለኝ። ታቦቶቹን ግን ከመጀመሪያው ጀምሬ እንደገና ጠራኋቸው።

በማግሥቱ ኦቦ ሙሜ ዘንድ ሄጄ "ጎረቤት እንዲህ ያደርጋል? እንዴት አንድ ቃል አይነግሩኝም?" ብዬ ወቀስኳቸው። አዘኑብኝ። "አንተ አይደለህ እንዴ አታንሱብን ያልከው? ጭሮ ሙሉ ሲያወራ እኛ ላንተ ስንል አፋችንን ይዘን ከረምን። ደግሞስ የገዛ ሰው መብሩክ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?" አሉኝ። ቤት ተመልሼ የመኪናዋን የኋላ ምንጣፍ ስገልጠው ደግሞ ወለሉ ላይ "ከእሳት ይራቅ" የሚል ጽሑፍ አገኘሁ። ላሜራዋን የጠገነው ባቲላሜራ የተቀጠቀጠውን ጎኗን ከነወለሉ ቆርጦ ጥሎ በነዳጅ በርሜል ነው የተካላት። ማግኔቴ ያን ሁሉ የሙጥኝ ያለው በርሜሉን ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አስካለ ያለችው ቃል ግን በከተማው ተሰማ። ከቦርደዴ እስከ ሂርና መኪና የሚፈራ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ይመጣ ጀመር። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ትመጣለች፣ ገደል የሚያስፈራው ሙሽራ ይመጣል፣ ከአልጋ ተነስተው የማያውቁ አዛውንት በቃሬዛ ይመጣሉ፤ "ያቺ የጨረሰችው መኪና የታለች?" ነው ጥያቄው። አስካለ ሁሉንም እሺ ትላለች፣ ነጂው እኔ ነኝ። እማማ ጌጤም ጉልበታቸውን ረስተው ከፊት ወንበር አይጠፉም። ጣራዋን ቸብ ቸብ አድርገው ይገባሉ፣ "ጨርሳለች" ይባባላሉ፣ ገና ከከተማ ሳንወጣ ሁሉም ያንቀላፋሉ። እኔ መሪውን ወደ ግራ ይዤ ገደሉን አያለሁ።

አንድ ቀን በጣም ሲመረኝ "አስካለ፣ እኔም እኮ እፈራለሁ" አልኳት።

"ታዲያ ለምን ከእኛ ጋር ከኋላ አትቀመጥም?" አለችኝ። "እዚህ ምንም አያስፈራም።"